ትምህርት አሥራ አራት፦ አድራጊ፣ ተደራጊና ተደራራጊ ግሶች በታሪክ አጻጻፍ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምንባብ በአሜሪካ አገር በቴሌቪዥን ስለ ታየ የሁለት ባለታሪኮች ፍቅር የሚናገር ነው። በመጀመሪያ ታሪኩን እንደ ታሪክ ብቻ አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ግን ከእያንዳንዱ ማሰሪያ አንቀጽ ላይ ቆም እያላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማን አደረገ? በማን ላይ ተደረገ? የዚህ ትምህርት ጠቅላላ ጉዳይ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። በምንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሀ. ምንባብ፦ የሉክና የሎራ ሠርግ

በአሜሪካ አገር ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን የሚታዩ፣ መጨረሻቸው አስቀድሞ ያልተወሰነ ተከታታይ ድራማዎች አሉ። «ሶፕ ኦፔራ» ይባላሉ፤ ሶፕ ማለት ሳሙና ነው። ስሙ የወጣላቸው በ1930ዎቹ ዓመታት፣ ገና በሬዲዮ ይተላለፉ በነበረበት ጊዜ፣ ወጪያቸውን ይሸፍኑ ከነበሩት መካከል የሳሙና ፋብሪካዎች ይገኙባቸው ስለ ነበር ነው። በዚያ ሰዓት በቤት የምትገኘው፣ ሳሙናም የምትገዛው የቤት እመቤቷ ናት ተብሎ ስለ ታሰበ ድራማው ለእርስዋ ተጻፈ። የእንዲህ ያለው ድራማ ደራሲ እንደ ልቦለድ ደራሲ ታሪኩን ጨርሶ ለአንባቢ አያስረክብም። ዛሬ የጻፈው ነገ ይታያል፤ ተመልካች የወደደው ባለታሪክ ይቆያል፣ የሰለቸው ይሰናበታል። ይህን ልማድ ልብ በሉ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ከእነዚህ ድራማዎች አንዱ በ1963 በኤ.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን የተጀመረው «ጄኔራል ሆስፒታል» ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ትገኛለች በተባለች፣ ነገር ግን በካርታ ላይ በማትገኝ ፖርት ቻርልስ በምትባል ከተማ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ድራማው ተመልካች እየራቀው ሄዶ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። በ1978 ግሎሪያ ሞንቲ የተባለች አዘጋጅ ኃላፊነቱን ተረከበችና አካሄዱን አፋጠነችው፤ ወጣት ባለታሪኮችንም ወደ ፊት አመጣች።

ከወጣቶቹ አንዷ ሎራ ናት። ሎራን ሆና የተጫወተችው ጂኒ ፍራንሲስ ሥራውን የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ሎራ ስኮት ቦልድዊን የተባለውን ወጣት በልጅነቷ አግብታለች። ሉክ ስፔንሰር ወደ ከተማው የመጣው ይህን ትዳር እንዲያፈርስ እኅቱ ጠርታው ነው። አንተኒ ጊሪ የተጫወተው ይህ ሉክ ጠጉሩ የተንጨባረረ፣ አንደበቱ የሚቆርጥ፣ ከወሮበሎች ጋር የሚሠራ ሰው ነበር። መልኩም ጠባዩም የሠርግ ሙሽራ የሚያደርገው አልነበረም፤ ባለታሪኩም የተፈጠረው ለአጭር ጊዜ ነበር።

ሉክ ዳንስ ቤት ያስተዳድር ነበር፤ ሎራም እዚያ ተቀጠረች። ሉክ ሎራን ወደዳት። በ1979 መጸው፣ አንድ ሌሊት፣ ዳንስ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ወንበዴዎቹ ያዘዙት የነፍስ ግድያ ለራሱም መጥፊያው እንደሚሆን አስቦ ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት፣ ሉክ ሎራን ደፈራት። ሎራ እንደ ተደፈረች ተናገረች፤ ማን እንደ ደፈራት ግን ለባሏ እንኳ አልነገረችም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ሌላ መንገድ ሊይዝ ይችል ነበር። ሉክ ተከስሶ ወኅኒ ሊወርድ፣ ከድራማውም ሊወጣ ይችል ነበር። ነገር ግን ተመልካች ሁለቱን ባለታሪኮች አብሮ ማየት ወደደ። ደራሲዎቹም የተመልካቹን ፍላጎት ተከተሉ። በ1980 በጋ ሉክና ሎራ ከወንበዴዎች አብረው ሸሹ፤ በየመንደሩ ተሸሸጉ፤ በመንገድ ላይም ፍቅራቸው እየጸና ሄደ። በ1981 ደግሞ ካሳዲን የተባለ የባለጸጋ ቤተ ሰብ የአየሩን ጠባይ በሚለውጥ መሣሪያ ከተማውን አቀዝቅዞ ዓለምን ሊገዛ ሲነሣ፣ ሉክ የመሣሪያውን ምሥጢራዊ ቃል አግኝቶ አገር አዳነ። ነገሩ ከእምነት የራቀ መሆኑን ሳንነግራችሁ ታውቃላችሁ። ሆኖም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቀትር በኋላ ያለውን ትምህርት እየተዉ በመኝታ አዳራሾቻቸው ቴሌቪዥን ዙሪያ ይሰበሰቡ ጀመር፤ ሉክና ሎራም የታዋቂ መጽሔት ሽፋን እስከ መሆን ደረሱ።

ሠርጉ የታየው ኖቬምበር 16 እና 17 ቀን 1981፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 እና 8 ቀን 1974 ዓ.ም. ነው። ወደ 30 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ተመለከተው። በአሜሪካ የቀን ድራማ ታሪክ ይህን ያህል ተመልካች ያገኘ ሰዓት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ የለም። የድራማው ወዳጅ የነበረችው ዝነኛዋ የፊልም ተዋናይ ኤልሳቤጥ ቴይለር የካሳዲንን ሚስት ሄሌናን ሆና ገብታ ሙሽሮቹን ረገመቻቸው። ሙሽራዋ የወረወረችውን የአበባ እቅፍ የቀለበው ደግሞ የቀድሞ ባሏ ስኮት ነበር፤ ወዲያውም ከሉክ ጋር ተደባደበ። ሠርግ ያለ ጠብ አያምርም የሚል ሰው በዚያም አገር ሳይኖር አይቀርም።

በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል የ1979ኙ ሌሊት ወዴት ሄደ? ድርጊቱ በመጀመሪያ በስሙ ይጠራ ነበር። ፍቅሩ እየደመቀ ሲሄድ ግን ስሙ ተለወጠ፤ «ደፈራት» የነበረው «አማለላት» ተባለ፤ ከዚያም «ያ ሌሊት» ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህ የቃል ልውጥ ባይኖር ኖሮ ሠርጉ ባልተደገሰ ነበር።

ለውጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። በ1998 ሉክና ሎራ የወለዱት ለኪ የተባለው ልጅ ወጣት ሆኖ ሳለ አባቱ በእናቱ ላይ ያደረገውን ደረሰበት። ሉክም በልጁ ፊት ድርጊቱን በስሙ ለመጥራት ግድ ሆነበት፤ ሎራም የዚያን ሌሊት ነገር ባሏ ባለበት አንሥታ ተናገረች። ከዚያ በኋላ በ2001 ተፋቱ። ተዋናዩ ጊሪ በ2015 ከድራማው ወጣ፤ ሎራ ግን ቀጥላ የከተማዋ ከንቲባ እስከ መሆን ደረሰች። ጂኒ ፍራንሲስ ትዕይንቱን ስትሠራ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ካደገች በኋላ በሰጠቻቸው ቃለ መጠይቆች፣ ለብዙ ዘመን ለድርጊቱ ሰበብ እየፈለገች ስታስተባብል መኖሯን፣ ከእንግዲህ ግን እንደማታስተባብል ተናግራለች።

ለ. ስለ ግሶቹ የተሰጠ ማብራሪያ

ከምንባቡ አንድ ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። «ሉክ ሎራን ደፈራት።» ባለቤቱ ሉክ ነው። ተሳቢዋ ሎራ ናት፤ ለዚህም ሁለት ምልክት አለ፤ አንዱ በስሟ መጨረሻ ያለው «ን»፣ ሁለተኛው በግሱ መጨረሻ የተቀጠለው «ት» ነው። አማርኛ ተቀባዩን ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ ስሟ ቢዘለል እንኳ «ደፈራት» ከሚለው ከአንዱ ቃል ውስጥ አድራጊው ወንድ፣ ተቀባይዋ ሴት መሆናቸው ይነበባል። አራት ፊደል ብቻ የሆነ ቃል ሁለት ሰዎችንና በመካከላቸው የሆነውን ይዞ ይቆማል ማለት ነው።

ይኸው ግስ ወደ ተደራጊ ሲለወጥ «ሎራ ተደፈረች» ይሆናል። ተሳቢ የነበረችው ወደ ባለቤትነት ቦታ መጣች፤ አድራጊው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። «በሉክ ተደፈረች» ብለን በ«በ» ካልመለስነው በቀር ዓረፍተ ነገሩ ያለ እርሱ ሙሉ ነው። ስለዚህ ተደራጊ ግስ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ፣ ወይም ነገሩን ከተጎጂው ወገን ሆነን በምንተርክበት ጊዜ ተገቢ ነው። በምንባቡ «እንደ ተደፈረች ተናገረች፤ ማን እንደ ደፈራት ግን አልነገረችም» የተባለው ለዚህ ነው። ሎራ የደበቀችውን ስም ግሱም ይደብቅላታል። ጸሐፊ ግን ስሙን እያወቀ፣ ሰውየውን ለማዳን ብሎ ተደራጊውን ቢመርጥ ሌላ ነገር ነው። የጋዜጣ ዜና ስታነቡ «ተገደለች»፣ «ተጠለፈች»፣ «ተደበደበ» የሚሉትን እየለያችሁ አድራጊው ያልተጠቀሰው ስላልታወቀ ነው ወይስ ስላልተፈለገ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ሦስተኛው መንገድ ግሱን ወደ ስም መለወጥ ነው። «መደፈር» ስንል አድራጊውም ተቀባይዋም ጠፉ። «ያ ሌሊት» ስንል ድርጊቱም ራሱ ጠፋ፤ የቀረው ጊዜው ብቻ ነው። የድራማው ሰዎች በደረጃ የወረዱት በዚህ መሰላል ነው።

አሁን ወደ ተደራራጊ ግስ እንለፍ፤ በዚህ ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ልትቆዩበት የሚገባው ይህ ነው። ተደራራጊ ግስ ሁለት ወገኖች አንዱ በሌላው ላይ ያንኑ ድርጊት እንደ ፈጸሙ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የሚመሠረተው «ተ»ን በመጨመርና የግሱን የመጀመሪያ ፊደል ከግዕዝ ወደ ራብዕ በመለወጥ ነው፤ ወደደ ተዋደደ፣ ገደለ ተጋደለ፣ ነከሰ ተናከሰ እንደሚባለው ነው። «ሉክና ሎራ ተዋደዱ» ስንል ባለቤቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፤ ሁለቱም ይወድዳሉ፣ ሁለቱም ይወደዳሉ። «ተጋቡ»ም እንዲሁ ነው። «አገባት» ካልን እርሱ አድራጊ ነው፤ «አገባችው» ካልን እርስዋ ናት፤ «ተዳረች» ካልን ደግሞ ያላየነው ሌላ ሰው ነው። «ተጋቡ» የሁለት ሰዎች ፈቃድ የተጨመቀበት ቃል ነውና በትክክለኛ ቦታው ስንጠቀምበት እጅግ ያማረ ነው።

እንግዲህ «ደፈረ»ን በዚያው ደንብ ወደ ተደራራጊ ለመለወጥ ሞክሩ። «ተዳፈረ» ይወጣል። ነገር ግን «ልጁ ሽማግሌውን ተዳፈረ» እንላለን እንጂ «ልጁና ሽማግሌው ተዳፈሩ» ብለን እርስ በርስ የሆነ ነገር አንረዳበትም፤ ቅርጹ ተደራራጊ መስሎ ሳለ ትርጉሙ አንድ አድራጊና አንድ ተቀባይ ያለው ነው። ፊደል ደግመን «ተደፋፈሩ» ብንልም ተበረታቱ ወይም መከባበርን ተዉ ከማለት በቀር በዚያ ሌሊት የሆነውን አይገልጽም። ስለዚህ አንድ ሰው የሉክን ሥራ ለሁለቱ ለማካፈል ቢፈልግ ይህን ግስ ይዞ አይሆንለትም። ግሱን ጥሎ ሌላ መፈለግ አለበት። «አማለላት» የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚማለል ሰው ልቡ ይሳባል፤ በመጨረሻም በፈቃዱ ይሄዳል። «አማለላት» በሚል ግስ ውስጥ እንግዲህ የሎራ ፈቃድ ሳትሰጠው ተቀምጧል። የሁለቱ ቃላት ልዩነት የጌጥ አይደለም፤ የፈቃድ ነው።

በነገራችን ላይ «ደፈረ» በአማርኛ ሰፊ ቤት አለው። «እውነቱን ሊናገር ደፈረ» ስንል የሚያስመሰግን ነው፤ «ዳር ድንበራችን ተደፈረ» ስንል የሚያስነሣ ነው። «ድፍረት» የሚለው ስም ሁለቱንም ይይዛል፤ ጀግንነትንም በደልንም። በ2014 የታየው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ርእሱን «ድፍረት» ያለው ይህን መንታነት ይዞ ነው። ፊልሙ ለጋብቻ በተጠለፈች፣ ጠላፊዋንም ገድላ ለፍርድ በቀረበች ኢትዮጵያዊት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጠለፋ ከተነሣ ዘንድ የሉክና የሎራ ታሪክ ለእኛ ሩቅ የማይሆንበትን ምክንያት እንግለጽ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ኋላ ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ጠላፊው ሳይቀጣ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ከጠለፋ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። በሰዋስው ቋንቋ እናስረዳው ብንል፣ የቀድሞው ሕግ «ተጋቡ» የሚለው ኋላ የመጣ ግስ «ጠለፋት» የሚለውን የፊተኛ ግስ እንዲፍቀው ይፈቅድ ነበር፤ የኋለኛው ሕግ ሁለቱንም ግሶች በየቦታቸው አቆማቸው። ሎራ ሉክን በፈቃዷ አገባች ማለት በታሪኩ ውስጥ እውነት ሊሆን ይችላል። ይህ ግን በ1979 የሆነውን ማሰሪያ አንቀጽ አይለውጥም።

አንዳንድ ተማሪዎች «ይህ ተውኔት ነው፤ ማንም አልተጎዳም» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ሉክና ሎራ በሕይወት ያልኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ተመልካቾቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የወደዱት የሁለቱን ተዋንያን ችሎታ፣ ቀልዳቸውንና ስደታቸውን ነበር። ነገር ግን ቃል ከተውኔት ይወጣል። በየቀኑ ከቀትር በኋላ «መደፈር የፍቅር መጀመሪያ ነው» የሚል ታሪክ የሚያይ የእናንተ እኩያ፣ ነገ በእርስዋ ላይ ወይም በእኅቷ ላይ ለሚደርሰው ስም ሲያጣለት ምን ይላል? በሥልሳው ደቂቃ ድራማ ውስጥ ሳለን የማንጠይቀው ይህን ነው።

ሐ. ታሪክን አሳጥሮ ስለ መጻፍ

ረጅም ታሪክ ሲያጥር ዝርዝሩ ይቀራል፤ ግሶቹ ግን ይቆያሉ። ስለዚህ አሳጥሮ መጻፍ በዋነኛነት ግስ መምረጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት አጭር ጽሑፎች አወዳድሩ።

«ሉክና ሎራ በአንድ ዳንስ ቤት ተገናኙ። አንድ ሌሊት ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ። ብዙ መከራ ካዩ በኋላ ተዋደው ተጋቡ፤ 30 ሚሊዮን ሕዝብም ሠርጋቸውን አየ።»

«ሉክ አብራው የምትሠራውን ሎራን ደፈራት። የድራማው ደራሲዎች ተመልካች ሁለቱን እንደ ወደዳቸው ባዩ ጊዜ ድርጊቱን በሌላ ስም ጠርተው አዋደዷቸው፣ አጋቧቸውም፤ 30 ሚሊዮን ሕዝብም ሠርጋቸውን አየ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ድራማው ራሱ የቀድሞውን ስም መለሰ።»

የመጀመሪያው ጽሑፍ አንድም ውሸት የለበትም ሊባል ይችላል፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው እውነት ነው። «ያልታሰበ ነገር ተፈጠረ» የሚለውን ግን መርምሩት። ባለቤቱ «ነገር» ነው። ነገር ራሱን አይፈጥርም። ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር በድርሰታችሁ ውስጥ ባገኛችሁ ቁጥር ቆም በሉ፤ «ስሕተት ተሠራ»፣ «ጠብ ተነሣ»፣ «ገንዘቡ ጠፋ» የሚሉትም ወንድሞቹ ናቸው።

በሁለተኛው ጽሑፍ «አዋደዷቸው»ና «አጋቧቸው» የሚሉትን አስተውሉ። እነዚህ አደራራጊ ግሶች ናቸው፤ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እንዲያደርጉ የሚያደርግ ሦስተኛ ወገን መኖሩን ይናገራሉ። ሽማግሌ ያስታርቃል ያጋባል፤ እዚህ ደግሞ ደራሲ አጋባ። ሉክና ሎራ ተዋደዱ ስንል የታሪኩን ውስጥ እንተርካለን፤ አዋደዷቸው ስንል ታሪኩን ማን እንደ ሠራው እንናገራለን። ጽሑፋችሁ ለየትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ሁለቱን ካደባለቃችሁ አንባቢ ይደናገራል። በእኛ አስተያየት ስለ ተከታታይ ድራማ የሚጻፍ ማናቸውም ጽሑፍ ቢያንስ አንድ አደራራጊ ግስ ሊኖረው ይገባል።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት አድራጊ፣ ሦስት ተደራጊና ሁለት ተደራራጊ ግሶች አውጡ። የእያንዳንዱን ባለቤት ጻፉ፤ ባለቤቱ በቃል ካልተነገረ ከግሱ መጨረሻ ፈልጋችሁ አመልክቱ።

2. የሚከተሉትን ግሶች በተሰጠው ደንብ ወደ ተደራራጊ ለውጡና በዓረፍተ ነገር አስገቧቸው፦ ሰደበ፣ ቀደመ፣ ረገጠ፣ ከሰሰ፣ መታ። ቅርጹ ተደራራጊ ሆኖ ትርጉሙ እርስ በርስነትን የማይገልጽ አንድ ሌላ ግስ ከራሳችሁ ፈልጉ።

3. «በዚያ ዓመት ብዙ ልጃገረዶች ተጠለፉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በአድራጊ ግስ እንደገና ጻፉት። አድራጊውን ለመጻፍ ምን ማወቅ አስፈለጋችሁ?

4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚታይ አንድ ተከታታይ ድራማ ምረጡ፤ ከአገራችን ወይም ወደ አማርኛ ከተመለሱት ሊሆን ይችላል። የሁለት ባለታሪኮችን ፍቅር ከመቶ ሃምሳ በማይበልጡ ቃላት አሳጥራችሁ ጻፉ። ከዚያም ወረቀታችሁን ከጎናችሁ ካለው ተማሪ ጋር ተለዋወጡ፤ እርሱ ወይም እርስዋ ባለቤታቸው የተደበቀ ግሶችን በእርሳስ አስምረው ይመልሱላችሁ።